መሬት የምትይዘውና የምትለቀው፤ የካታዮን ልውውጥ ታሪክ

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የአውሮፓ ገበሬ ዝናብ ሲቀር ብቻ ሳይሆን ዝናብ ሲበዛም ይጨነቅ ነበር። በብዙ ድካም ወደ ማሳው ያጋዘው ፍግም ሆነ ከፔሩ ደሴቶች በመርከብ ተጭኖ መጥቶ በውድ ዋጋ የገዛው የወፍ ኩስ በውኃ የሚሟሙ ጨዎች አሉበት። ጨው በውኃ ይሟሟል፤ ውኃም ቁልቁል ይሄዳል። እንግዲህ አንድ ወቅት ሙሉ የዘነበ ዝናብ ያን ሁሉ ሀብት አጥቦ ወደ ወንዝ እንዳይወስደው የሚከለክለው ምን ነበር? በዘመኑ የኬሚስትሪ መጻሕፍት ውስጥ ለዚህ መልስ አልነበረም።

ጥያቄውን በሙከራ ለመፈተን የተነሣው ሰው የዩኒቨርሲቲ መምህር አልነበረም። ሃሪ ስቲቨን ቶምሰን በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር፣ ባለ ርስትና ገበሬ የነበረ፣ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የግብርና ማኅበርን ከመሠረቱት አንዱ፣ ኋላም የባቡር ኩባንያ ሊቀ መንበር ለመሆን የበቃ ሰው ነው። ያሳስበው የነበረው ከፍግ ክምር የሚባክነው አሞኒያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጆሴፍ ስፔንስ ከተባለ የዮርክ ከተማ መድኃኒት ቀማሚ ጋር ሆኖ፣ አሞኒየም ሰልፌት የተባለውን ጨው በአፈር ውስጥ አድርጎ ውኃ አንጠባጠበበት። ከታች የወጣው ፈሳሽ ሲመረመር ሰልፌቱ እንዳለ ተገኘ፤ አሞኒያው ግን የለም። በምትኩ ማንም ያልጨመረው ካልሲየም ወጥቷል። ከላይ የገባው የማዳበሪያ ጨው ከታች ጀሶ ሆኖ ወጣ ማለት ነው።

ቶምሰን ይህን ውጤት ለአምስት ዓመት ያህል ሳያሳትም ቆየ። በመካከሉ ግን፣ በ1848፣ ለግብርና ማኅበሩ አማካሪ ኬሚስት ለጆን ቶማስ ዌይ ነገሩን አጫወተው። በዚያው ጊዜ ሃክስቴብል የተባለ ገበሬ ቄስም ከፍግ ጉድጓድ የተቀዳ ፈሳሽ በአፈር ቢያጠልል ቀለሙና ሽታው ጠፍቶ እንደወጣለት ለዌይ ነግሮት ነበር። ሁለቱ ወሬዎች ተደምረው የኬሚስቱን አእምሮ ያዙት። ዌይ ሥራውን በ1850 እና በ1852 በማኅበሩ መጽሔት ባወጣቸው ሁለት ረጃጅም ጽሑፎች ገለጸ። የአፈር ኬሚስትሪ ከዚያ ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዌይ ሥራ ዋና ጠባይ ትዕግሥት ነው። አንድ ጨው፣ ሌላ ጨው፤ አንድ አፈር፣ ሌላ አፈር፤ የታጠበ፣ የተቃጠለ፣ በአሲድ የተዘፈዘፈ እያለ ደጋግሞ ሞከረ። አሸዋ ይህ ኃይል እንደሌለው፣ ብስባሹ ቢወገድለትም አፈሩ ኃይሉን እንደማያጣ፣ ስለዚህ ዋናው ሠራተኛ የሸክላው ክፍል መሆኑን አስረዳ። ሥራው የሚፈጸመው ወዲያውኑ እንደሆነም አየ። ፖታስየም፣ ማግኒዚየምና ሶዲየም እንደ አሞኒያው ሲያዙ፣ ክሎራይድ፣ ሰልፌትና ኒትሬት ግን ማንም ሳያግዳቸው አለፉ። ከሁሉም የሚበልጠው ግኝት የሂሳብ ነው፤ የሚወጣው ካልሲየም ከሚገባው አሞኒያ ጋር በኬሚካዊ አቻ መጠን እኩል ነበር። ስለዚህ አፈሩ እንደ ወንፊት አያጣራም፤ እንደ ስፖንጅም አይመጥም። አንዱን ተቀብሎ ሌላውን ይሰጣል። ዌይ በዚህ ሳይወሰን፣ በአፈር ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት የአሉሚኒየምና የሲሊኮን ውሁዶች መሆን አለባቸው ብሎ ስለገመተ፣ በቤተ ሙከራው መሰላቸውን ሠርቶ ተመሳሳይ ኃይል እንዳላቸው አሳየ።

ሆኖም ይህ ጠንቃቃ ሰው አንድ ትልቅ ስሕተት ሠራ። ንጹሕ ውኃ የተያዘውን አሞኒያ ሊያስለቅቀው አይችልም፤ ይህ እውነት ነው። ዌይ ግን ከዚህ አልፎ፣ ልውውጡ አንድ ጊዜ ከተፈጸመ ወደ ኋላ አይመለስም ብሎ ደመደመ። መሬት የያዘችውን ይዛ ትቀራለች ማለቱ ነበር። የዚህ ስሕተት ዋጋ ኋላ ይታያል።

ተቃውሞ የመጣበት ግን በተሳሳተበት በኩል አልነበረም። የዘመኑ የኬሚስትሪ ንጉሥ ጀርመናዊው ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ነበር። በ1840 ባሳተመው መጽሐፍ ዕፀዋት ከአፈር የሚፈልጉት ማዕድናዊ ጨው መሆኑን ለዓለም ያስተማረ ሰው ነው። በ1845፣ ቶምሰንና ስፔንስ በዮርክ አፈር በሚያጠሉበት በዚያው ዓመት፣ ሊቢግ በስሙ የተመዘገበ ማዳበሪያ በእንግሊዝ አገር ለገበያ አቀረበ። እርሱም የዝናቡን አደጋ ፈርቶ ነበርና፣ ጨዎቹ ታጥበው እንዳይሄዱ ፖታሱን ከኖራ ድንጋይ ጋር አቅልጦ በቀላሉ የማይሟሟ አደረገው። ማዳበሪያው ማሳ ላይ ተበትኖ ቁጭ አለ። ዝናቡ አልወሰደውም፤ ሥሩም አላገኘውም። የገዙት ገበሬዎች ገንዘባቸውን አጡ፤ የሊቅየውም ስም በእንግሊዝ ገበሬዎች ዘንድ ክፉኛ ተጎዳ።

ለዚህ ውድቀት ምክንያቱን የሚያስረዳው የዌይ ጽሑፍ ሆኖ ሳለ ሊቢግ ጽሑፉን አልተቀበለውም። ከሰል ከፈሳሽ ቀለም እንደሚስብ ሁሉ አፈርም ጨውን በላዩ ላይ ይስባል እንጂ ኬሚካዊ ልውውጥ የለም ሲል ተከራከረ። በ1862 በታተመው የመጽሐፉ እትም ግን፣ አፈር ራሱ ጨዎቹን እንደሚይዝ ባለማወቁ ማዳበሪያውን እንዳይሟሟ ማድረጉ ስሕተት እንደነበር በግልጽ አመነ። በዘመኑ ታላቅ የተባለ ሊቅ እንዲህ ያለ ኑዛዜ በገዛ መጽሐፉ ማስፈሩ ሊመሰገንበት ይገባል። ያም ቢሆን አንድ ባለ ርስትና አንድ መድኃኒት ቀማሚ በአንድ ዕቃ አፈር ያዩትን ለማመን 17 ዓመት ፈጅቶበታል።

ዌይ በ1856 ከእርሻ በታች ከተቀበሩ የማፋሰሻ ቱቦዎች የሚወጣውን ውኃ መረመረ። ፖታስና አሞኒያ የተገኙት በጥቂቱ ነው፤ ኒትሬት ግን በብዛት ነበር። ይህ ውጤት ዛሬም የማዳበሪያ ባለሙያዎችን የሚያስጨንቅ ነው። ዩሪያ ማሳ ላይ ሲበተን በመጀመሪያ አሞኒየም ይሆናል፤ አፈሩም ይይዘዋል። ጥቂት ቆይተው ባክቴሪያዎች ወደ ኒትሬት ይለውጡታል፤ ያን ጊዜ አፈሩ የሚይዝበት እጅ የለውም።

የዚህን ምክንያት ለመረዳት የአዮን ሐሳብና የኤክስሬይ ጥበብ መምጣት ነበረባቸው። በ1930 እና በ1931 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሸክላን በኤክስሬይ መርምረው፣ ቅርጽ የለሽ ዝቃጭ ይባል የነበረው ነገር በእርግጥ ጥቃቅን ክሪስታል መሆኑን አሳዩ። ቅንጣቷ እንደ መጽሐፍ ገጾች በተደራረቡ ስስ ንጣፎች የተሠራች ናት። በንጣፉ ውስጥ አራት አዎንታዊ ሙል ያለው ሲሊኮን በሚቀመጥበት ስፍራ አንዳንድ ጊዜ ሦስት ሙል ያለው አሉሚኒየም ይቀመጣል፤ አሉሚኒየም በሚገባበትም ሁለት ሙል ያለው ማግኒዚየም ይገባል። በእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ምትክ አንድ አዎንታዊ ሙል ይጎድላል፤ ንጣፉም አሉታዊ ሆኖ ይቀራል። ጉድለቱ ከክሪስታሉ ጋር አብሮ የተፈጠረ ስለሆነ ማጠብ አያስወግደውም። የሚያካክሱት በዙሪያው ባለው ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ አዎንታዊ አዮኖች፣ ማለትም ካታዮኖች ናቸው፤ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ፖታስየም፣ ሶዲየም፣ አሞኒየም። እነዚህ በንጣፉ አካባቢ ይያዛሉ እንጂ አይቸነከሩም። ሌላ ካታዮን ሲመጣ ስፍራ ይለቃሉ። ነገር ግን የሙሉ ሂሳብ ሁልጊዜ መሙላት አለበትና፣ አንድ ካልሲየም የሚወጣው ሁለት አሞኒየም ሲገቡ ነው። የዌይ አቻ ቁጥሮች ምሥጢር ይኸው ነበር። ኒትሬትና ክሎራይድ ራሳቸው አሉታዊ በመሆናቸው ንጣፉ ይገፋቸዋል እንጂ አይስባቸውም።

የአፈር የመለዋወጥ አቅም ብዙውን ጊዜ በ100 ግራም አፈር በሚሊኢኩዊቫለንት ይለካል። ካኦሊናይት የሚባለው የሸክላ ዓይነት ከ15 የማይበልጥ ሲኖረው፣ ስሜክታይት የሚባለው 80 እና ከዚያም በላይ አለው፤ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ ደግሞ 200 ሊያልፍ ይችላል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም በማሳ ላይ ሲተረጎም ትንሽ አይደለም። አንድ ሄክታር መሬት እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ 2,400 ቶን ያህል አፈር ቢይዝ፣ በ100 ግራም 1 ሚሊኢኩዊቫለንት ፖታስየም ማለት በሄክታር ከ900 ኪሎ ግራም በላይ ፖታስየም ነው። ሥሩ ከዚህ ጎተራ የሚያወጣው በብድር ሳይሆን በልውጥ ነው፤ ሃይድሮጂን አዮን ሰጥቶ ፖታስየም ይቀበላል። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት የሚሸፍነው ዋልካ አፈር ለሚያበጠው፣ ለሚሰነጠቀውና በክረምት እርፍ ለሚይዘው ሰው ለሚያስቸግረው ጠባዩም፣ ለትልቅ ጎተራነቱም ምክንያቱ ያው ስሜክታይት ነው። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ያለው ቀይ አፈር ግን ጎተራው አነስ ያለ ነው፤ ካልሲየሙም በብዙ ዘመን ዝናብ ታጥቦ ስፍራውን አሉሚኒየምና ሃይድሮጂን ስለያዙት አፈሩ ኮምጥጧል። እዚያ ኖራ ሲበተን የሚፈለገው ካልሲየሙ ገብቶ አሉሚኒየሙን እንዲያስወጣ ነው።

የዌይን ስሕተት ያረመው ሄርማን አይክሆርን የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ነው። በ1858 ዚኦላይት ከሚባሉት ማዕድናት የተወሰኑትን ፈጭቶ በጨው ውኃ ውስጥ ሲያኖራቸው፣ ሶዲየም ገብቶ ካልሲየም ወጣ። የካልሲየም ጨው በብዛት ሲያፈስባቸው ደግሞ ካልሲየሙ ተመልሶ ገባ፤ ሶዲየሙም ወጣ። የልውውጡን አቅጣጫ የሚወስነው በውኃው ውስጥ ያለው የአዮኖች ዓይነትና ብዛት እንጂ መሬት አንድ ጊዜ የሰጠችው ፍርድ አልነበረም።

ግኝቱ ግን በመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ። ነገሩ የሚያስገርመው፣ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የአውሮፓ ፋብሪካዎች የሚፈልጉት መድኃኒት እርሱ ስለነበረ ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት፣ «ከባድ» የሚባለው ውኃ ሳሙና አያረፋም፤ በእንፋሎት ማመንጫ ጋን ውስጥም ድንጋይ ሆኖ ይጋገራል። የተጋገረው ድንጋይ እሳቱ ውኃውን እንዳያሞቅ ይከለክላል፤ ብረቱ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ጋኑ እስከ መፈንዳት ይደርሳል። ቶማስ ክላርክ የተባለ የአበርዲን ኬሚስት በ1841 በኖራ የማከሚያ ዘዴ አስመዝግቦ ነበር፤ ነገር ግን ዘዴው ሁሉንም ክብደት አያስወግድም፤ ብዙ ዝቃጭም ያተርፋል። ልውውጡ ወደ ኋላ የማይመለስ ቢሆን ኖሮ፣ እንደ ዌይ እምነት፣ አንድ ጊዜ የጠገበን ማዕድን ከመጣል በቀር ምርጫ ባልነበረም። የሚመለስ ከሆነ ግን ያንኑ ማዕድን በገበታ ጨው አጥቦ ደግሞ ደጋግሞ መጠቀም ይቻላል።

ይህን በፋብሪካ ደረጃ የፈጸመው በበርሊን የፕሩሲያ የሥነ ምድር ተቋም ኬሚስት የነበረው ሮበርት ጋንስ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዓመታት፣ ከዌይ ጽሑፍ ከ50 ዓመት በኋላ፣ ሶዲየም የሞላበት ሰው ሠራሽ ዚኦላይት አዘጋጅቶ ውኃ እንዲያጠልሉበት አደረገ። የተሰጠው ስም ፐርሙቲት፣ መለዋወጥ ከሚለው የላቲን ግሥ የወጣ ነው። ከባዱ ውኃ ሲያልፍበት ካልሲየሙን ይወስድና ሶዲየም ይሰጣል፤ ሲጠግብ ጠንከር ያለ የጨው ውኃ ይፈስበታል፤ ካልሲየሙ ወጥቶ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል፤ ማዕድኑም እንደገና ለሥራ ይዘጋጃል። በዌይ ቤተ ሙከራ ከተሠራው ጋር ሲነጻጸር በመሠረቱ አዲስ ነገር አልነበረውም። የጎደለው ያ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ይፈጥናል። ዚኦላይቶቹ አሲድ አይችሉም ነበርና በ1935 በእንግሊዝ አገር፣ በቴዲንግተን፣ አዳምስና ሆምስ የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች ከፌኖልና ከፎርማልዴሃይድ የተሠራ ሬዚን ካታዮን እንደሚለዋወጥ አሳዩ። ወደ ሐሳቡ የመራቸው የተሰበረ የሸክላ ሙዚቃ ማጫወቻ ዲስክ ነው ተብሎ ይተረካል። በ1944 ደግሞ የአሜሪካው ዳሌሊዮ በፖሊስታይሪን ላይ የተመሠረተውን ሬዚን የፈጠራ መብት አገኘ። ዛሬ በየውኃ ማከሚያው የሚገኙት ቢጫማ ፍሬዎች የእርሱ ወገን ናቸው። የአንዱ ሊትር ሬዚን ሙሉ አቅም ወደ 2 ኢኩዊቫለንት ይጠጋል። በሊትር 100 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያለበት ውኃ 5 ሚሊኢኩዊቫለንት ስለሆነ፣ አንድ ሊትር ሬዚን በሂሳብ ደረጃ 400 ሊትር ውኃ ያለሰልሳል። የተለሰለሰው ውኃም በየሊትሩ 115 ሚሊ ግራም ሶዲየም ተጨምሮበት ይወጣል። ካልሲየም ጠፋ ሲባል ሶዲየም መምጣቱ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ ልዩ ሕግ አለ። ውኃው ቀጭን ሲሆን፣ ሬዚኑም ሆነ ሸክላው ሁለት ሙል ያለውን ካልሲየም አንድ ሙል ካለው ሶዲየም አብልጦ ይይዛል። ውኃው በጨው ሲወፍር ግን ይህ አድልዎ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ብዛት ያለው ሶዲየም ካልሲየሙን ይገፈትረዋል። ባለ ፋብሪካው ማጠቢያውን 10 በመቶ ያህል ጨው ያለበት የሚያደርገው ስለዚህ ነው። ችግሩ፣ ይህ ሕግ ከፋብሪካ ውጭም መሥራቱ ነው።

በሞቃት ቆላ በመስኖ የሚለማ ማሳ ውኃውን ለፀሐይ እየገበረ ጨውን ያስቀራል። በአፈሩ ውስጥ ያለው ውኃ እየወፈረ ሲሄድ ካልሲየሙ ቀድሞ እንደ ኖራ ድንጋይ ይዘቅጣል፤ ሶዲየሙ ብቻውን ይቀራል፤ ከዚያም እንደ ፋብሪካው የጨው ውኃ ሸክላውን ይወርሰዋል። ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ጌድሮይትስ በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አሥርተ ዓመታት እንዳሳየው፣ ሶዲየም የያዘው ሸክላ ንጣፎቹ ይለያያሉ፤ እርጥብ ሲሆን ይቦካል፣ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ ውኃም አያሳልፍም። በ1954 የወጣው የአሜሪካ የጨዋማ አፈር ቤተ ሙከራ መምሪያ ከመለዋወጫው ስፍራ 15 በመቶውን ሶዲየም ከያዘው አፈሩ እንደ ተበላሸ እንዲቆጠር ወሰነ። መድኃኒቱ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ይታወቅ ነበር። ዩጂን ሂልጋርድ በካሊፎርኒያ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ለእንዲህ ያለ መሬት ጀሶ እንዲበተን መክሯል። በ1845 ከዮርክ አፈር ሥር የወጣው ያ ጀሶ ከላይ ሲገባ፣ ካልሲየሙ ሶዲየሙን ያስወጣል፤ ሶዲየም ሰልፌቱ ደግሞ በውኃ ይታጠባል። የሚታጠበው ግን ከሥር መውጫ ካለው ብቻ ነው። የማፋሰሻ ቦይ የሌለው ማሳ ጀሶ ቢቀበልም ሶዲየሙ የሚሄድበት አያገኝም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በመካከለኛው አዋሽ ሸለቆ በብዙ ወጪ የተገኘ ትምህርት ነው። በአሚባራና በመልካ ሳዲ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች በመስኖ ከለሙ በኋላ የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደ ላይ እየወጣ ጨዉን ይዞ መጣ፤ በርካታ ማሳም ከምርት ውጭ ሆነ። ከሥር የሚቀበር የማፋሰሻ ቱቦ የተዘረጋው ጉዳቱ ከታየ በኋላ ነበር። ከዚያ ወደ ላይ፣ በመተሐራ የሸንኮራ አገዳ እርሻ አጠገብ የሚገኘው የበሰቃ ሐይቅ በ1960ዎቹ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ነበር፤ በ2000ዎቹ ከ40 በላይ ሆነ። ሐይቁ የሶዲየም ባይካርቦኔት ውኃ ነው። ወደ አገዳው ማሳ ሲጠጋ መሬቱን ማጥለቅለቁ ብቻ ሳይሆን፣ ያልደረሰበትንም ሸክላ ከሥር በሶዲየም መተካቱ ያሰጋል።

በዚሁ የስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተፈጥሮ ራሷ ያቋቋመችው ማለስለሻም አለ። ዝናቡ ከደጋው ዳር ወርዶ በእሳተ ገሞራ አመድና በሸክላ ውስጥ ረጅም መንገድ ሲጓዝ ካልሲየሙን ለሸክላው ይተውና ሶዲየም ይቀበላል። ከጉድጓዱ የሚቀዳው ውኃ ለስላሳ ነው፤ ሳሙናም ደኅና ያረፋል። ነገር ግን ፍሎራይድን ከውኃ ውስጥ ይዞ የሚዘቅጠው ካልሲየም ነበር። እርሱ በሌለበት፣ ከእሳተ ገሞራው ዐለት የሚሟሟው ፍሎራይድ የሚያግደው አያገኝም፤ በብዙ ጉድጓዶችም የዓለም የጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም እጅግ ያልፋል። በዝዋይና በወንጂ አካባቢ የልጆች ጥርስ የሚበልዘውና በዕድሜ የገፉ ሠራተኞች ጀርባ የሚደርቀው በዚህ ውኃ ነው። ለዚህ ጉድጓድ የተለመደው የካታዮን ማለስለሻ አይረዳውም፤ ፍሎራይድ አሉታዊ ነውና። በአንዳንድ መንደሮች የተሞከረው ማጣሪያ የተከሰለ የከብት አጥንት ነው፤ ፍሎራይዱን የሚይዘው በአጥንቱ ውስጥ ያለው የካልሲየም ውሁድ ሲሆን፣ ሲጠግብ መታጠብ ወይም በአዲስ መተካት አለበት።